በርብ ዳር የተቀመጥንበት አውጫጭኝ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ የተሳሳተ ነገር እንደሚኖር አስቀድሜ አምናለሁ፤ የትኛው እንደ ሆነ ባውቅ ኖሮ አርመው ነበር። የአለቃ ተገኘ በቅሎ ዳማ ነበረች ወይስ ግራጫ፣ ርብ በዚያ ዓመት የሞላው በሰኔ አጋማሽ ነው ወይስ በመጨረሻው ሳምንት፣ በእነዚህ ላይ መማል አልችልም። ሰው የተናገረውን ቃል ከቀለምና ከቀን በተሻለ እይዛለሁ ብዬ አስባለሁ። ይህም ቢሆን የራሴ ግምት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በፖለቲካ ሥራ ላይ ያለ አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ለድሀ ቆሜያለሁ የሚል ፓርቲ ለሁለት ሲሰነጠቅና መራጩ ሲሸሸው በምን መንገድ ሊመልሰው እንደሚችል ጠየቀኝ። በአስተማሪነት ጀምሬ፣ በማመልከቻ ጸሐፊነት አልፌ፣ ኋላም በየጠቅላይ ግዛቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሳደራጅ አርጅቻለሁና አንድ የተጠና መልስ ያለኝ መስሎት ነበር። ያለኝ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በሃምሳዎቹ ዓመታት በርብ ወንዝ ዳር ያሳለፍሁት ቀን።

በዚያን ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ሁሉ በግሉ ነበር የሚቀርበው። ይሁን እንጂ በወረታና በፎገራ ሜዳ «የባላገሩ ወገን» የምንባል ሰዎች ነበርን። በኋላ ዘመን አነጋገር ግራ ዘመም ልንባል እንችላለን። ቃሉን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ወረታ ላይ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወረታ የገባሁት አስተማሪ ሆኜ ነው። ደመወዙ በየወሩ ይመጣል ይባል ነበር፤ አንዳንድ ወር በእርግጥም ይመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን እግሬ የሚወስደኝ ወደ አለቃ ተገኘ ጎጆ ነበር። አለቃ ከጣራ ገዳም ወርደው በወረታ የከተሙ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፣ ለባላገሩ ማመልከቻ በመጻፍና በየችሎቱ በመቆም ይተዳደሩ ነበር። የባላገሩን ወገን ያቋቋሙትም እርሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱን ትቼ ጸሐፊያቸው ሆንሁ።

የአለቃን አሠራር ከማንኛውም መምህሬ ትምህርት አብልጬ አጥንቼዋለሁ። በሬ ጠምዶ የቆመን ሰው ስለ ምርጫ አያነጋግሩም። «በሬ የጠመደ ሰው እሺ ይልሃል፤ እሺታው ግን እንድትሄድለት ነው» ይሉ ነበር። ከሰው ጋር ሲቀመጡ ፀሐዩን ፊት ለፊት ለራሳቸው ወስደው ጥላውን ለተናጋሪው ይተዉለታል፤ በፀሐይ ፊቱን የሚያጨፈግግ ሰው ነገሩን ያሳጥራል ብለው ያምኑ ነበርና። ሰው ፊት ብዕር አያወጡም። የተባሉትን ቃል በቃል መልሰው «እንዲህ አልኸኝ?» ብለው ሳያረጋግጡ መልስ አይሰጡም። በዓመት አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ወንዛዬ ይወርዱና ከፍል ውኃው ውስጥ ተቀምጠው ይሰማሉ። «እዚያ ውስጥ ባለካባና ባለድሪቶ አይለይም፤ ሁሉም ራቁቱን ነው፣ ሁሉም እውነት ያወራል» ይሉኝ ነበር።

የጭንቀታችን ሁሉ መነሻ አንድ ሜዳ ነበር። ከወረታ በስተ ምዕራብ ወደ ጣና የሚዘረጋው መሬት ክረምት ክረምት በርብና በጉማራ ውኃ ይዋጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣር ይለብሳል፤ በጋውን በሙሉ የፎገራ ከብት በዚያ ይከርማል። የወል ግጦሽ ነበር። አንድ ቀኛዝማች፣ ስማቸውን አልጠራም፣ «የአባቴ ርስት ነው» ብለው ሊያጥሩት ተነሡ። ቢታጠር የሜዳው ሰው ከብቱን ሸጦ ከመሰደድ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት በተደረገው ምርጫ የባላገሩ ወገን አንድ ሰው አቅርቦ ቀኛዝማቹን አሸንፎ ነበር። የዚያ እንደራሴ ዘመን ሲያበቃ ግን ቦታውን ሁለት ሰዎች ፈለጉት። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ የነበረው መምህር ካሳ ነው፤ ግጦሹ ከቀኛዝማቹ እጅ ድኖ ግማሹ መሬት ለሌላቸው ሰዎች ጓያና ሽምብራ መዝሪያ ይከፋፈል ባይ ነበር። ሁለተኛው አቶ ደሳለኝ የሚባሉ ባለ ብዙ ከብት የሜዳ ሰው ናቸው፤ በግጦሹ ላይ አንዲት ማረሻ እንዳታርፍ ይሉ ነበር። ሁለቱም ተመዘገቡ። ፊደል ለማያውቅ መራጭ በሚሰጠው ምልክት ካሳ ሞፈር መረጠ፣ አቶ ደሳለኝ በሬ። በወረታ ገበያ አያ ምትኩ የሚባሉ የርብ ማዶ ገበሬ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ተለጥፈው ባዩ ጊዜ የተናገሩት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል፦ «ሞፈሩ ወደዚያ፣ በሬው ወደዚህ! እንግዲህ ቀኛዝማቹ በእኛ ጫንቃ ይረሱ እንጂ!»

የሥራ ዘመኔን ትልቁን ጥፋት የሠራሁት በዚያው በጋ ነው። ለበላይ መሥሪያ ቤት ስለ ግጦሹ የምናቀርበው ማመልከቻ ማስረጃ ያንሰዋል ብዬ አሰብሁ። አለቃ ወንዛዬ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ከብቱ ለውኃ ወደ ርብ ሲወርድ አንድ ጉብታ ላይ እቀመጥና እቆጥራለሁ፤ የማን እንደ ሆነ ከመንገደኛ እየጠየቅሁ ከባለቤቱ ስም ጋር እጽፋለሁ። በፎገራ ከብት አይቆጠርም። ባለቤቱ ራሱ ስንት እንዳለው ቢጠየቅ «እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ላይ ያያል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብዬ ስለ ናቅሁት ነው። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ ላክሁት።

አለቃ ተመልሰው ለራሴ ያስቀረሁትን ግልባጭ አዩ።

«ዳዊት ሕዝቡን የቆጠረ ጊዜ ምን እንደ ደረሰ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አለቃ። ይህ ግን እነሱኑ ለመጥቀም ነው።»

«እሱም እንዲሁ ሳይል አይቀርም» አሉና ወረቀቱን አጣጠፉት።

ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግብር ገማቾች ወደ ሜዳው ወረዱ። ከየበረቱ ደጃፍ ቆመው የከብቱን ቁጥር ለባለቤቱ እነሱ ይነግሩት ነበር። ቁጥሩ የእኔ ነበር። አያ ምትኩ የተጫነባቸውን መክፈል አቅቷቸው አንዱን የእርሻ በሬያቸውን፣ ዳለቻውን፣ ተነጠቁ። ጥማድ በአንድ በሬ አይሠራምና በዚያ ዓመት መሬታቸውን ለሌላ ሰው በምርቱ እኩሌታ ሰጥተው አሳረሱ። እኔ ምንም አልተናገርሁም። ለአለቃም ቢሆን ነገሩን ከፍቼ አላነሣሁትም፤ እርሳቸውም አልጠየቁኝም። ምርጫውን ቀኛዝማቹ አሸነፉ። ካሳና አቶ ደሳለኝ አንዱ ሌላውን ከሰሰ፤ እኔም «በመከፋፈላችን ተሸነፍን» እያልሁ ለጠየቀኝ ሁሉ አስረዳሁ። ደግሞም እውነትነት ነበረው፤ ለዚህም ነው የተመቸኝ።

አራት ዓመት አለፈ። ቀኛዝማቹ በግጦሹ ዳር ችካል ማስተከል ጀመሩ። አዲስ ምርጫ ቀረበ፤ ካሳና አቶ ደሳለኝ ዳግመኛ ሁለቱም ሊመዘገቡ አሰቡ። የቀደሙት ወዳጆቻችን ደጅ ስንደርስ «ቤቶች!» ብንል መልስ የሚሰጠን ጠፋ። ከመመዝገቢያው ቀን በፊት አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረን አለቃ በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ።

«አውጫጭኝ እንዲጠራልኝ ነው የመጣሁ» አሉ።

አውጫጭኝ ንብረት ሲጠፋ አገሬው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ ሳይመለስ የሚቀመጥበት ልማድ ነው።

«ምን ጠፋብዎ አለቃ? በቅሎዋ እንደሆነች ይኸው ቆማለች» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ሰው ነው የጠፋብኝ። ድሮ አብሮን የነበረ ሰው፣ በአንድ በጋ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ማን እንዳጠፋው አገር ይጠየቅልኝ።»

«ኧረ በአውጫጭኝ ሰው ተፈልጎ አያውቅም!»

«ለበሬ የተፈቀደ ለሰው ይከለከላል?»

ጭቃ ሹሙ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ቀኛዝማቹ ግቢ አቅጣጫ አየና ሳቁን አቆመ። «ቢጠይቁኝ የጠፋ በሬ ነው እላለሁ፤ እርስዎም እንዲያ ይበሉ» ብሎ ፈቀደ።

ግንቦት ነበር፤ ሜዳው በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ከርብ ዳር በእሾህ በታጠረ ስፍራ ተቀመጥን። ከአጥሩ ውጪ ሁለት የቀኛዝማቹ ሰዎች ጠመንጃቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ስብሰባው ስለ ምርጫ መሆኑ በግልጽ ከተነገረ አመፀኛ ተብለን እንደምንታሰር ሁላችንም እናውቃለን። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ሦስት የታመኑ ሽማግሌዎች ከሾላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው ሁሉ በየተራ እየሄደ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የተናጋሪው ስም አይወጣም። ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ለጉባኤው ሲያወጡ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ነው።

አለቃ እኛን፣ ማለትም ካሳን፣ አቶ ደሳለኝን፣ እኔንና ራሳቸውን፣ ከመካከል በፀሐይ ላይ አስቀመጡን። ጥላው ለአገሬው ተተወ።

ሰዉ እየተነሣ ወደ ሾላው ሲመላለስ ካሳ መታገሥ አቃተው። «ነገሩ ግልጽ ነው። አቶ ደሳለኝ ባይገቡበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!»

«አንተ ልጅ፣ የሰው ግጦሽ እንደ ድፎ ዳቦ ልትቆራርስ መጥተህ እኔን ትከሳለህ?»

«መሬት የሌለው ሰው ድፎውን በዓይኑ ብቻ ይብላ ነው የሚሉት?»

«ዝም በሉ እናንተ!» አሉ አያ ምትኩ ከጥላው ሥር። «ተከሳሽ ሲንጫጫ ወፏ ትበራለች።»

ሰዉ ሳቀ። ቀትር አለፈ። የበላም የጠጣም የለም።

ከሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ተነሡ። «ወፍ እንዲህ አለች፦ ሁለቱ ሰዎች ባልታረደ በሬ ሥጋ ላይ ተጣሉ። መጀመሪያ በሬው ከጅብ ይዳን።»

ሁለተኛው ቀጠሉ። «ወፍ እንዲህ አለች፦ ሰው የሸሸው ግን በጠባቸው አይደለም። በጭቅጭቅ የሚሸሽ ቢሆን ማን ከትዳሩ ጋር ያረጅ ነበር?»

እንደገና ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሦስተኛው ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

«ወፍ እንዲህ አለች፦ ከብታችንን ቆጥሮ ለገማች የሰጠ ሰው ከእናንተ ጋር ተቀምጧል። ስሙን ታውቃለች። አራት ዓመት ራሱ ይናገራል ብላ ቆየች። እስኪናገር ድረስ ማንም ከዚህ አጥር አይወጣም።»

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ካሳ አቶ ደሳለኝን አየ፤ አቶ ደሳለኝም ካሳን። አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ሊቀስር አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ ያቺ ቃል ብትወጣ የባላገሩ ወገን በዚያች ሰዓት ለዘላለም ይፈርስ ነበር። አለቃ ወደ እኔ አላዩም። ያውቁ ነበር፤ ግን አላዩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሁለት መልክ ስናገር ኖሬአለሁ፦ አንዳንዴ በራሴ ተነሣሁ፣ አንዳንዴ ሽማግሌው ወደ እኔ ሲዞሩ ተነሣሁ እላለሁ። የትኛው እውነት እንደ ሆነ አላውቅም። መነሣቴን ግን አውቃለሁ።

«የቆጠርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ለክፋት አልነበረም። ገማቾቹ ሲመጡ ቁጥሩ የእኔ መሆኑን አውቄ ዝም አልሁ። ዝምታው ከመቁጠሩ ይብሳል።»

አያ ምትኩ ተነሥተው ከጥላው ወጡ።

«ዳለቻዬን ስንተኛ አድርገህ ነበር የጻፍኸው?»

«አላስታውስም፣ አያ ምትኩ።»

«እኔ አልረሳሁትም» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ፍርዱ ሲሰጥ ፀሐይ ወደ ጣና አዘንብላ፣ ጠመንጃ ያዦቹም ሰልችተው ሄደው ነበር። እኔ የቆጠርሁትን ሰው ሁሉ ደጅ ለደጅ በእግሬ ዞሬ፣ ምርጫ የሚል ቃል ሳላነሣ፣ ያደረግሁትን በአፌ እንድናገር ተፈረደብኝ። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች ማን ለምርጫ እንደሚቀርብ የወሰነው አገሬው ነው፤ ግጦሹ ሳይድን ስለ ማካፈል አይወራም ተብሎ አቶ ደሳለኝ ተመረጡ፣ ካሳ እንዲተው ተነገረው። ያኔ አለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ካሳ ብቻውን አይተውም። አቶ ደሳለኝ፣ መሬት የሌላቸውን ሰዎች ደጅ አንተ ራስህ ትሄዳለህ። ግጦሹ የዳነ ዕለት እነሱ ባሉበት እንነጋገራለን ብለህ ቃል ትሰጣለህ። ካሳ፣ አንተ ደግሞ ወደ ሐሙሲት መንደሮች ወርደህ ለሞፈር ድምፅ የሰጠህን ሰው በሬውን ምረጥ ብለህ ትለምናለህ። ያስቀየመ ሰው ነው የሚክስ፤ ሌላ ሰው አይክስለትም።»

«በሬ ይዤ ልዙር ነው የምትሉኝ?» አለ ካሳ።

«ሞፈር ያለ በሬ ምን ያደርጋል ልጄ?» አሉት አቶ ደሳለኝ። ከዚያ በፊት ልጄ ብለውት አያውቁም።

ፍርዴን በሦስት ሳምንት ፈጸምሁ። አንዲት ባልቴት ውሻ ለቀቁብኝ። አንድ ሰው «ደግመህ በለው፤ ሚስቴ አልሰማችም» እያለ ሦስት ጊዜ አናገረኝ። ፀሐዩን ለራሴ ወስጄ ጥላውን ለእነሱ መተውን ከአለቃ ተምሬ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የረዳኝ ጥበብ የለም። የተማርሁትን ንግግር ማሳመር ሁሉ በዚያ መንገድ ላይ ጣልሁት፤ ነገሩን ባሳመርሁት ቁጥር ፊታቸው ሲዘጋ አያለሁና። አያ ምትኩ ከአጥራቸው ወዲያ ሆነው፣ በሩን ሳይከፍቱ ሰሙኝ።

«ሰማሁ» አሉ። ከዚያም፣ «ሂድ፤ ዝናብ ሳይደርስብህ።»

ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን አልገባኝም። ለአለቃ ስነግራቸው፣ «እሳቸው ያላሉትን አትጨምርላቸው» ብለው አቋረጡኝ።

በምርጫው ቀን ርብ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የምርጫው ጣቢያ ወረታ ስለ ሆነ የማዶው ሰው መሻገር ነበረበት፤ የማዶው ሰው ካልመጣ ማሸነፍ አንችልም። ማለዳ የወገናችን ታዛቢ ሆኜ ከጠረጴዛው አጠገብ እንደ ተቀመጥሁ አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ ለካሳ አንሾካሾከለት። የቀኛዝማቹ ሰዎች ታንኳዎቹን ሁሉ «ለመንግሥት ሥራ» ብለው ከማታው ጀምሮ ወደ ሐይቁ ወስደዋቸዋል። ካሳ ፊቱ አመድ መሰለ። አቶ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ቆመው ቀሩ። አለቃ ዳዊታቸውን አውጥተው ያነቡ ጀመር፤ ገጹን ግን ሲገልጡ አላየሁም።

ምን ያህል እንደ ቆየን አላውቅም፤ ጣቢያው ግን ገና ለመራጭ አልተከፈተም ነበር። መጀመሪያ የሰማነው የሰው ድምፅ ሳይሆን የከብት ነው። የማዶ ሰዎች በሬዎቻቸውን ውኃ ውስጥ ነድተው፣ እያንዳንዱ የበሬውን ጅራት ይዞ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ ይሻገር ነበር። ወንዙ በቀንድ ተሞላ። እንደ ወጡ ልብሳቸውን እንኳ ሳያደርቁ ወደ ጣቢያው መጡ፤ ከሁሉ ፊት አያ ምትኩ፣ ውኃ እየተንጠባጠበባቸው።

ከጠረጴዛው ፊት ሲደርሱ አዩኝ።

«ቀለሙን አስጠጋልኝ» አሉ አውራ ጣታቸውን አውጥተው። «ደግሞ አንተን የመረጥሁ እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም፣ አያ ምትኩ።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ።»

በሬው አሸነፈ። ቀኛዝማቹ የተከሉት ችካል በዚያው ክረምት ተነቅሎ ማገዶ ሆነ። የመሬት የለሾቹ ጉዳይ ግን አቶ ደሳለኝ እንደራሴ ሳሉ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ አደረ፤ ካሳ በዚህ አዝኖ ከወረታ ወጣ። ለጠየቀኝ ወጣትም ይህን አልሸሸግሁትም። ሰው መመለስና የገቡለትን መፈጸም ሁለት ሥራ ነው፤ እኛ የሠራነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከማዶ ቀድመው የመጡት፣ በዚያን ቀንም ከሁሉ በፊት የመረጡት አያ ምትኩ ናቸው እያልሁ ለብዙ ዓመታት ስናገር ቆይቼ፣ እያረጀሁ ስሄድ ተጠራጠርሁ። ሰው የሚመኘውን ማስታወሱ የታወቀ ነውና ታሪኩን ለማሳመር የፈጠርሁት መሰለኝ። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ጎንደር በሄድሁ ጊዜ ጊዜ ያለፈባቸው መዝገቦች የሚቀመጡበትን ክፍል አስከፍቼ የወረታን ጣቢያ የመራጮች ፊርማ መዝገብ አወጣሁ። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው የምትኩ ስም ነው፤ ከጎኑ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ውኃ ነክቶት ደብዝዟል።